እታለም፣ ያኔ ለቅሶ ያልመጣሁት ለዚህ ነበር

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን እኔና አንቺን ያራራቀችን ይቺው ቃል ናት። በደወልሽ ቁጥር ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያልኩ ቆየሁ። ኋላ ላይ ስልኩንም ማንሳት ተውኩ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ዕንባዬ ቀደመኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከሁሉ በፊት የአባትሽ ነገር። ለቅሶ አልመጣሁም። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ እኮ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ኮሌጅ እያለን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችሁ ስትወስጂኝ፣ የዓሣውን እሾህ እየለቀሙ የሚያጎርሱኝ እሳቸው ነበሩ። የእኔ አባት ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከእናቴ ጎን አልተነሱም። እኔ ግን ቀረሁ። ሰው «እሷ እንዴት ትቀራለች?» ማለቱ አይቀርም። አንቺ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስሽኝም። እሱ የበለጠ አቃጠለኝ። ለምን እንደቀረሁ እነግርሻለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ልያዘው፣ አለበለዚያ አይገባሽም።

የጀመረኝ በ2014 ግንቦት ላይ ነው። መጀመሪያ ጣቶቼን። ጠመኔ ይዤ ግማሽ ሰሌዳ ሳልጽፍ እጄ ይዝላል። ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ዳሌዬ። ሌሊት ሌሊት ቅልጥሜን የሆነ ነገር የሚግጠው ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ቡና ልወቅጥ ዘነዘናውን አነሳሁ። የእናቴን ሙቀጫ ታውቂያታለሽ። ሦስት ጊዜ እንደመታሁ የእጄ አንጓ እሳት ሆነ። ዘነዘናው ከእጄ አመለጠ፣ ሙቀጫው ተገለበጠ፣ ቡናው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ልጄ ሮጣ መጣች። ምንም ሳትናገር ተንበርክካ ፍሬውን አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ያኔ 12 ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ቡና የምትወቅጠው እሷ ናት።

የሄድኩበትን ሁሉ ብነግርሽ አያልቅም። አንዱ «ሪህ ነው» አለኝ፤ ዩሪክ አሲድ ተለካ፣ ምንም የለውም። ሌላው የሩማቲዝም ምርመራ አዘዘ፤ ነፃ ነሽ ተባልኩ። «ጥሬ ወተት ትጠጫለሽ?» ብለውም ጠየቁኝ። ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ ካልፈላ ወተት ይመጣና መገጣጠሚያና ወገብ ይይዛል። ከብትና ግመል ባለበት አገር መጠየቁ ልክ ነው። እሱም አይደለም ተባለ። ጠበልም ተጠምቄያለሁ። የጎረቤቴ እናት ደግሞ ወዳጃ ላይ ዱዓ አስደረጉልኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽርሽ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያሹልኝ፣ እውነቴን ነው፣ ለዚያች ሰዓት ሕመሙን እረሳው ነበር።

አንድ ክሊኒክ ደግሞ መርፌ ይወጉኝ ነበር። በተወጋሁ ማግስት እንደ ልጅ ብድግ ብዬ እነሳለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይመለስብኛል፣ እኔም እመለሳለሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም። ለካ ዴክሳሜታዞን ነው። ስቴሮይድ የሚሉት ሕመምና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ሲደጋገም ራሱ አጥንት ያሳሳል። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። እታለም፣ አደራ፣ ማንም መርፌ ሊወጋሽ ሲል ስሙን ጠይቂ። ጽፎ ይስጥሽ።

በኋላ አንዱ ሐኪም ካርዴን በቅጡ ሳያይ «ጭንቀት ነው» አለኝ። አመንኩት። ጨንቆኝ ነበራ! ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ ዓመት ሙሉ ያስተማርኳቸው ልጆች ስም ይጠፋኛል። ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል። ተኝቼ ስነሳ ተራራ ወጥቼ እንደወረድኩ ይደክመኛል። ቤተሰቡም ቀስ በቀስ ለመደው። «እሷ እኮ ሁልጊዜ ያማታል» መባል ጀመርኩ። ሕመሙ ስም ስለሌለው፣ እኔ ራሴ ሰነፍ የሆንኩ መሰለኝ።

የካቲት 2016 አንድ ሌሊት ጎኔን ያዘኝ። ምጥ ይሻላል። የኩላሊት ጠጠር ነበር፤ ሆስፒታል አስተኙኝ። የአባትሽን መርዶ የሰማሁት እዚያ አልጋ ላይ፣ ጉሉኮስ እንደተሰካብኝ ነው። ባለቤቴን «በኀዘኗ ላይ ሌላ አልጨምርባትም፣ እንዳትነግራት» አልኩት። ስወጣ ሳምንት አልፏል። በአርባቸው እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ያን ቀን ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ኀፍረቱ ያዘኝ። ዛሬ ነገ ስል ወሩ ዓመት ሆነ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ያ የደሴ ዝናብ ሲያጨቀየው፣ ከበራፌ ላይ አንሸራተተኝ። አልወደቅኩም ማለት ይቻላል፤ በእጄ ተደገፍኩ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ራጁን ያነሳው ሐኪም መብራቱ ላይ ሰቅሎ ዝም ብሎ ቆየ። «እንዲህ ባለ አወዳደቅ የእርስዎ ዕድሜ አጥንት መሰበር አልነበረበትም» አለኝ። ነጭ መሆን የነበረበት አጥንቴ አመድ መስሏል። አጥንት ሲሶው ገደማ ካልሄደ በራጅ በግልጽ እንደማይታይ ያን ቀን ሰማሁ። 46 ዓመቴ ነው፤ የእናቴ አጥንት ከኔ ሳይሻል አይቀርም።

ጄሶ ተደረገልኝ። ካልሲየም ኪኒን ታዘዘ፣ ወተት ጠጪ ተባልኩ። እኔም በሥነ ሥርዓት ዋጥኩ። ባሰብኝ። ማቅለሽለሽ መጣ፣ ሆዴ ደረቀ፣ ውሃ ጥሙ አይጣል ነው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ።

መስከረም ላይ ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ተላክሁ። ልጅ ነው፣ ተማሪዬ ሊሆን ይችል ነበር። ገና ሳይነካኝ «ያለዎትን ወረቀት ሁሉ ነገ ይዘው ይምጡ፣ የተቀደደ የቆሸሸ ሳይሉ» አለኝ። በማግስቱ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። የሦስት ዓመት ወረቀት ነው፤ ግማሹ የሻይ ነጠብጣብ አለበት። በየቀናቸው ደረደራቸው። ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው በር ይገፋል፣ እሱ ይደረድራል። መሃል ላይ አንዲቷን አውጥቶ ለብቻዋ አስቀመጣት። ጣቱን አንዲት መስመር ላይ አደረገ። ካልሲየም 11.8። አጠገቧ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አለች። መደበኛው ከ8.5 እስከ 10.5 ነው።

«ይህን ማን አይቶት ነበር?» አለኝ።

ማንም። ጠጠሩ ወጣ፣ እኔ ወጣሁ፣ ወረቀቷ ፌስታል ውስጥ ገባች። ቀኑን አየሁት፣ እታለም። አባትሽ በተቀበሩ ማግስት ነው።

እዚያው አለቀስኩ። ልጁ የሚያስለቅሰኝ ቁጥሩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

አሁን በሽታውን እንደገባኝ ላስረዳሽ። አንገታችን ላይ፣ እንቅርት ከምትወጣበት ዕጢ ጀርባ፣ አራት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ቢያክሉ ነው። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። «እንቅርት የለብኝም እኮ» ስለው፣ «እንቅርት አይደለም፣ የእንቅርት ጎረቤት ነው» አለኝ። ሥራቸው ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን ይለቃሉ፣ አጥንት ካስቀመጠው ያበድራል። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው የተቀመጠው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነውና ጎተራው ሰፊ ነው። ሲበቃ ደግሞ ዕጢዎቹ ዝም ይላሉ። ከአራቱ አንዷ ካበጠች ግን ዝም ማለት ይጠፋባታል። ደሙ ውስጥ ካልሲየሙ ሞልቶ እየፈሰሰ እሷ አጥንትን አምጣ ትላለች። አጥንት ይሳሳል፣ የተረፈው በኩላሊት ሲወጣ ጠጠር ይሠራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰውነት ይደክማል፣ ልብ ይከፋል፣ ይረሳል። እየነገረኝ ሳለ የሦስት ዓመት ኑሮዬን የሚያነብልኝ መሰለኝ። ያ ሁሉ ለየብቻው የነገርኩት ሕመም አንድ ነበር።

ግን «ነው» አላለኝም። ጥንቁቅ ልጅ ነው። ለደም ግፊት ውሃ የሚያሸና ኪኒን እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አንዳንዱ ካልሲየም ከፍ ያደርጋል። አልወስድም። የካልሲየም ኪኒኑን አስቆመኝ፤ ወተትና አይቡን እንደ ልማዴ ተወልኝ። ውሃ ጠጪ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለካ፤ 12.1 ሆነ። ከዚያ የቀረው የሆርሞኑ ምርመራ ብቻ ነበር። እሱን ለማሠራት ደሜ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ያቺ ዘጠኝ ቀን! ሆርሞኑ ከፍ ካለ ጥፋቱ የዕጢዋ ነው፤ መፍትሔ አለው። ዝቅ ካለ ግን ካልሲየሙን ያወጣው ሌላ ነገር ነው፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። አልደበቀኝም፤ ስለጠየቅኩት ነገረኝ። እመቤቴ ፊት ቆሜ ቁጥሩን ከፍ አድርጊልኝ ብዬ ለመንኩ። ሰው በሽታ እንዲገኝበት ይለምናል? እኔ ለመንኩ። ልጄ ማታ ማታ አጠገቤ እየተኛች ሳልተኛ ስታየኝ፣ እሷም የተኛች ትመስላለች።

በአሥረኛው ቀን ደወለልኝ። መደበኛው ከ15 እስከ 65 ነው፤ የኔ 214። ስልኩን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ስም አገኘሁለት፣ እታለም። ሰነፍ አይደለሁም።

ዶክተሩ የነገረኝ አንድ ታሪክ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1925 ቪየና ከተማ አንድ የትራም ሠራተኛ ነበር። አጥንቱ እየተሰበረ መራመድ አቃተው። ፌሊክስ ማንድል የሚባል ሐኪም መጀመሪያ ዕጢው አንሶት ነው ብሎ ከሞተ ሰው ዕጢ ወስዶ ተከለለት። ምንም አልረዳውም። ከዚያ አንገቱን ከፍቶ ቢያየው ያበጠ ዕጢ አገኘ፣ አወጣው፣ ሰውዬው ሕመሙ ቀለለለት። የእኔም ነገር እንደዚያው ነው። ሞልቶ ለሚፈስ ነገር ኪኒን ስጨምርበት ከረምኩ።

አሁን የቀረኝ የአንገት አልትራሳውንድ፣ የአጥንት ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ፣ ከዚያም ቀዶ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ሂጂ ተብያለሁ። ያበጠችው አንዷ ብቻ ከሆነች፣ ከአሥር ሰው ስምንት ያህሉ እንደዚያ ነው፣ እሷ ትወጣለች። አጥንቱ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ያገግማል ብሎኛል። የምፈራው አንድ ነገር ነው። የድምፅ ነርቭ በዚያው በኩል ያልፋል። ብዙ ጊዜ አይነካም፣ ግን ሊነካ ይችላል። አስተማሪ ነኝ፤ ድምፄ እንጀራዬ ነው። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ላንቺ ነው የምነግርሽ።

እግረ መንገዴን፣ ታላቅ እህትሽ ሁለት ጊዜ ጠጠር አስወጥታለች ብለሽኝ ነበር። ካልሲየሟን አይተውላት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ካላዩት ይታይላት። አንድ የደም ምርመራ ነው።

የሚመጣው ሰኞ በማለዳው አውቶቡስ እነሳለሁ። በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በደብረ ብርሃን አድርጌ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለወገቤ ትራስ እይዛለሁ። ቤትሽ ልረፍ? ሁለት ነገር ደግሞ አስቸግርሻለሁ። ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ ግቢ፣ እረሳለሁና የሚለውን ጻፊልኝ። ፌስታሏንም አንቺ ያዢልኝ፣ ግራ እጄ ገና አልጠናም።

ድኜ ስመለስ አብረሽኝ ወደ ሐይቅ ውረጂ። መቃብራቸውን ሳላይ አልኖርም።

እሑድ ማታ ደውዪልኝ። አነሳለሁ።

እህትሽ