ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ኮምፓውንድ አይለፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አገር ውስጥ የሚመረት የጫማ ሶል ቶሎ ስለመሰንጠቁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱ ሁሉ በአሮጌ ማሽንና በርካሽ ጥሬ ዕቃ ላይ ተላክኳል። በጎማ ፋብሪካ ላቦራቶሪ 19 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ያልተነሳውን ልናገር።

እኛ ዘንድ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ከቅመሞቹ ጋር የተደባለቀው ያልበሰለ ጎማ፣ ከሚክሰር (ከማደባለቂያው ማሽን) ሲወጣ የፈረቃ ኃላፊው በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገውና "ደህና ነው፣ ይለፍ" ይላል። የለመደ እጅ ልስላሴውን በእርግጥ ያውቃል፤ ሊጥ እንደማወቅ ነው። በሙቀት ውስጥ ስንት ደቂቃ ሳይበስል፣ ማለትም ጠንክሮ ቅርጹን ሳይዝ፣ እንደሚቆይ ግን ጣት አይናገርም። ለዚያ ሞኒ ቪስኮሜትር የሚባል መለኪያ አለ። ናሙናው በ100 ዲግሪ 1 ደቂቃ ይሞቃል፤ ከዚያ ሮተሩ (ናሙናው ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ ዲስክ) በደቂቃ 2 ዙር ብቻ እየዞረ፣ ጎማው ምን ያህል እንደሚታገለው እስከ 4ኛው ደቂቃ ይለካል። ሙቀቱን ወደ 125 ከፍ አድርገን ስንጠብቅ ደግሞ፣ ንባቡ ከዝቅተኛው ቦታ 5 ነጥብ ሲወጣ ጎማው መብሰል ጀምሯል ማለት ነው።

አንድ መጋቢት፣ ሌላ ጊዜ 12 ደቂቃ የሚቆይ የሶል ኮምፓውንድ 5 ደቂቃ ሳይሞላው ንባቡ ከፍ ማለት ጀመረ። ወርጄ ሳይ ጎማውን የሚያበስለው ድኝና መብሰሉን የሚያፋጥነው ማፍጠኛ የገባበት ሉህ ሳይቀዘቅዝ ተደራርቧል። እጄን በሉሆቹ መሀል ባስገባ ትኩሳቱ አላስቆመኝም። ቀይ ወረቀት ለጠፍኩበት። ትእዛዙ አስቸኳይ ነበርና ወረቀቱ ተነሥቶ ሥራው ቀጠለ። ሌሊት ኤክስትሩደሩ (ጎማውን ገፍቶ ቅርጽ የሚያስይዘው ማሽን) ውስጥ በሰለና ልጆቹ እስከ ንጋት በመሮ ሲፈለፍሉት አደሩ። የባሰው ግን ሻጋታው፣ ማለትም የሶሉ ቅርጽ ማውጫ፣ ውስጥ የደረሰው ነው። ጎማው የሻጋታው ጠርዝ ሳይደርስ መብሰል ስለጀመረ ንብርብሩ እርስ በርሱ አልተያያዘም። ከላይ ሲታይ ሶሉ ያምር ነበር። ጠርዙን በእጄ ስቆለምመው ተከፈተ። እናንተ የጻፋችሁበት ስንጥቅ ይኸው ነው፤ ደንበኛው እግር ላይ የሚወጣው ከወር በኋላ ነው።

ለባለ ፋብሪካዎች የምለው፦ ላቦራቶሪው የያዘውን ኮምፓውንድ ላቦራቶሪው ራሱ ሳይፈታው ማንም አያንሳው። ዝግጁ ኮምፓውንድ ገዝታችሁ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼም የምርመራውን ወረቀትና የተቀላቀለበትን ቀን ጠይቁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት የከረመ ዕቃ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ አይታገሣችሁም።

የቀድሞ የጎማ ላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ከቃሊቲ