ፎቶው ላይ ያለው አፈር ነው

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አዲስ አበባ የክረምት ጎርፍ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ ሁሉ አይቶታልና አልደግመውም። የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማፋሰሻዎቹ የተደፈኑት ነዋሪው በሚጥለው ፕላስቲክ ነው የሚለውን። ከዚሁ ጎን ያተማችሁት ፎቶ ላይ ከማንሆሉ በአካፋ የሚወጣው ቀይ ጭቃ ነው፤ አሸዋና ጠጠር ተቀላቅሎበታል። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ከላይ ጉብ ብሎበታል። ጋዜጠኛችሁ ጠርሙሶቹን ቆጥሮ ጭቃውን ዘለለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው።

ፕላስቲክ ንጹሕ ነው አልልም። ግን ጠርሙስ ይንሳፈፋል። ቱቦው ክፍት ከሆነ ከጎርፉ ጋር ሄዶ ወንዝ ይገባል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ኃጢአት ነው። የሚሰነቀረው ደለል መንገዱን ካጠበበለት በኋላ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቱቦ ውስጥ 30 ሴንቲ ደለል ተኛ እንበል። የቀረው ክፍት ቦታ ግማሽ ነው። የሚያሳልፈው ውኃ ግን ግማሽ አይሆንም፤ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል፤ በጠበበው ቀዳዳ ውስጥ ውኃው ከቱቦውም ከደለሉም ጋር ስለሚፋተግ። ጠርሙሱ የሚደርሰው እንግዲህ ቱቦው ከሞተ በኋላ ነው፤ ለቀብር።

ያናገራችሁት ባለሙያ ደግሞ መፍትሔው ቱቦውን ማስፋት ነው ብለዋል። አፈሩ እየመጣ ቱቦ ማስፋት ለደለሉ ሰፋ ያለ መኝታ ማንጠፍ ነው። ውኃ አሸዋና ደቃቅ አፈር ተሸክሞ እንዲሄድ በሰከንድ 0.75 ሜትር ያህል ፍጥነት ይፈልጋል። ያው ትንሽ ውኃ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይዘረጋል፣ ይዘገማል፣ ሸክሙን ያራግፋል።

አፈሩ ከየት መጣ? የ500 ካሬ ቦታ ላይ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ቤዝመንት ሲቆፈር 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። የተቆፈረ አፈር ስለሚላላ፣ በ30 በመቶ ቢያብጥ 1,950 ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ120 ምልልስ በላይ ማለት ነው። እያንዳንዱ ምልልስ በጎማው ጭቃ ይዞ አስፋልት ላይ ይወጣል። ያልተጫነው መንገድ ዳር ይከመራል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ማፋሰሻው አፍ ላይ፣ ምክንያቱም ባዶ የሚገኘው ቦታ እሱ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ጥቁሩ ኮትቻ ከሥር ተነሥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ ጠንካራ አፈር) ስለሚተካ የሚጣለው አፈር ይብሳል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዝናብ በዚያ ራቁት መሬት ላይ ለግማሽ ሰዓት ቢዘንብ፣ ከፊሉ መሬት ውስጥ ቢሰርግ እንኳ፣ 9 ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ ውኃ ወደ መንገድ ይወርዳል። ይህ አንድ ሳይት ነው። ከእንጦጦ ሥር እስከ ታች ድረስ በአንድ ተዳፋት ላይ የተደረደሩትን እናንተ ቁጠሩ፤ መቁጠር ትችላላችሁና።

መጨረሻውም የታወቀ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ተሸክመውት ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። የዚያን ግድብ ሐይቅ ደለል እንጂ የሃይላንድ ጠርሙስ አልሞላውም።

ዘገባው ፈጽሞ ያልነካው ደንቡን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ፈቃድና ቁጥጥር ደንግጓል። ለፈቃድ ከሚቀርቡት ፕላኖች መካከል ሳኒተሪው (የውኃና የፍሳሽ ፕላኑ) የጣሪያው ዝናብ በየት ወርዶ የት እንደሚገባ ያሳያል፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ማለት ነው። መሬቱ ተገልጦ በሚቆይባቸው ሁለትና ሦስት ክረምቶች ውኃው የት ይሂድ የሚል ወረቀት ግን በተለምዶ የሚጠይቅ የለም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውም (አዋጅ ቁጥር 299/1995) የሚያየው ትልልቅ ፕሮጀክቶችን ስለሆነ የመንደሩ ጂ+4 ከወንፊቱ ሥር ያልፋል።

ለምን አይቻልም? አርሶ አደሩ በየዓመቱ በጋው ላይ በነቂስ ወጥቶ እርከንና ክትር ይሠራል። ለግማሽ ሄክታር ማሳው አፈር ታጥቦ እንዳይሄድ የልማት ሠራተኛ ተመድቦለታል። ከተማ ውስጥ ሄክታር ሙሉ ገልጦ ክረምት ላይ ለሚተው ባለሀብት ግን የተመደበለት ጥበቃ ብቻ ነው፤ እሱም ለብረቱና ለሲሚንቶው።

ቴክኖሎጂው እንደሆነ የማዳበሪያ ጆንያ፣ አጣናና ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ከላይ የሚመጣው ንጹሕ ውኃ ቁፋሮው ውስጥ ሳይገባ በትንሽ ቦይ ዞሮ ይሂድ፤ ርካሹም ፍቱኑም ይሄ ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋውም ይሄው ነው። በታችኛው ጠርዝ የተሰፋ የማዳበሪያ ጨርቅ ከ2 ሜትር ባልበለጠ ርቀት በተተከለ አጣና ላይ ይወጠር። የጨርቁ ግርጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ተቀብሮ ይጠቅጠቅ፤ ካልተቀበረ ውኃው በሥሩ ሾልኮ ይሄዳል፣ ከላይ ያለው ጨርቅ ለፎቶ ይቀራል። ሁለቱ ጫፎች ወደ ተዳፋቱ ላይኛ በኩል ይታጠፉ፣ አለበለዚያ ዞሮ ያመልጣል። ቦይ ውስጥ አግድሞ መወጠር ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው፤ ጨርቅ የተሰበሰበ ጎርፍ አይችልም፣ እዚያ የሚችለው የድንጋይ ክትር ነው። ደለሉ የጨርቁን ግማሽ ከፍታ ሳይደርስ ይጠረግ። የቆርቆሮ አጥራችን ይህን ሥራ ይሠራል ለሚሉ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የቆመ አጥር ጭቃን አይከለክልም፤ ድመትም አይከለክልም።

መውጫው በር ላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ግርድፍ ጠጠር በ15 ሴንቲ ውፍረት ይነጠፍ፤ ቦታ ካለ 15 ሜትር ርዝመት። ሥሩ ጨርቅ ካልተነጠፈ ጠጠሩ በሳምንት ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል።

የማጥለያ ጉድጓድም አለ፤ ጭቃው ውኃ ረግቶ አፈሩን የሚያስቀምጥበት ማለት ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት የተለመደ ልክ ለአንድ ኤከር 3,600 ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ በእኛ ልኬት ለሄክታር 252 ሜትር ኩብ። ለ500 ካሬ ሲሰላ 5 ሜትር በ2.5፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል። ያንን 9 ሜትር ኩብ ይይዘዋል፤ መግቢያና መውጫው በርዝመቱ ሁለት ጫፍ እስከሆኑ ድረስ። ግን ማንም እንዳይሸወድ፤ ጉድጓድ አሸዋውን ነው የሚይዘው። 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ አፈር 1 ሜትር ለመውረድ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ዝም ብሎ የሚቆይ ውኃ በሐምሌ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የአፈሩ ክምር ከማፋሰሻ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፣ ሸራ ይልበስ፤ ሥራው ለሁለት ሳምንት የሚቆም ከሆነ መሬቱ በጭድ ወይም በሣር ይሸፈን።

ቁፋሮው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ የሚያወጣውን ፓምፕ እንዳልረሳ። የመምጠጫው ጫፍ የቁፋሮው ወለል ላይ ከተጣለ የሚያወጣው ውኃ ሳይሆን ጭቃ ነው። በተበሳሳ በርሜል ውስጥ ጠጠር ተከብቦ ይቀመጥ። የሚክሰር እጣቢም ማንሆል ውስጥ አይደፋ፤ ደለል በአካፋ ይወጣል፣ የረጋ ሲሚንቶ ግን በመሮ ነው።

ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ እኛ ፎርማኖች ቅሬታ አለን። ዘገባችሁ ወረዳውን፣ ባለሙያውንና ሱቅ ጠባቂውን ጠይቋል፤ አፈሩን የሚያስቆፍረውን ሰው ግን አልጠየቀም። ብትጠይቁ ኖሮ ነገሩ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የሥራው ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ላይ እንዳለ ይነግራችሁ ነበር። ቁፋሮ በሜትር ኩብ፣ ጭነት በሜትር ኩብ ተጽፏል፤ አፈር መከላከያ የሚል መስመር የለም። መስመር የሌለው ሥራ ክፍያ የለውም፣ ክፍያ የሌለው ሥራ አይሠራም። ጎርፉ ሲመጣ ግን ደንብ ማስከበር የሚያነጋግረው ፎርማኑን ነው። አሥር ሜትር ጨርቅ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የጠጠር ንጣፍ በቁጥር ተጽፈው ዋጋ ይውጣላቸው፤ የግንባታ መጀመሪያ ፈቃድ የሚሰጠው እነሱ ተሠርተው ከታዩ በኋላ ይሁን።

ይህ ለሰለጠነ አገር ነው ለሚል ሰው፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንዷ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 5,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 465 ካሬ መሬት የሚገልጥ ሰው የደለል መከላከያ ፈቃድ ያወጣል። እኛ ዘንድ አንድ ተራ ቪላ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው።

ክረምት ሳይገባ ማፋሰሻው እንደሚጠረግም በደስታ ዘግባችኋል። ከቦዩ የወጣው ደለል የት ተጣለ ብላችሁ ግን አልጠየቃችሁም። ከቦዩ ጠርዝ ላይ ነው የሚቀረው፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

እርማት የምታወጡ ከሆነ ፎቶውን አትቀይሩት፤ ጥሩ ፎቶ ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አስተካክሉት።

ከአክብሮት ጋር
የሳይት ፎርማን፣ ከአዲስ አበባ