ከጣና ላይ ጠርሙስ ለለቀማችሁልን ሁሉ

ከሁሉ በፊት ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ይመስገን፤ ይህ መልእክት የሰው ነው።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ከዘጌ ስንመለስ ጣና ላይ የደረሰብንን ሰምታችሁ የደወላችሁልን፣ ቤት ድረስ የመጣችሁ፣ «እንኳን ተረፋችሁ» ያላችሁን ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። አንዳንዶቻችሁ «እንዴ፣ ለጠርሙስ ብላችሁ?» አላችሁን። አዎ፣ ለጠርሙስ ብለን ነው። ስለዚህ ማን ምን እንዳደረገልን ከመናገሬ በፊት ስለ ጠርሙሱ ትንሽ ላውራችሁ፤ አለዚያ ምስጋናው ራሱ የተጋነነ ይመስላችኋል።

እኛ ሰባት ነን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ባሕር ዳር አንዲት ሾላ ሥር እንገናኛለን። ሰፈሩ «ቆራሌዎቹ» ይለናል፤ ተቆጥተን ተቆጥተን ተውነው፣ አሁን እኛም ራሳችንን እንዲያ ነው የምንጠራው። የምንሰበስበው አሮጌ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነው፤ ፈረንጆች ፍራፍሬና አትክልት ቀቅለው ለከርሞ ያስቀምጡበት የነበረውን። እንደ ዕቁብ እናዋጣለን፣ ጥሩ ነገር ሲገኝ እንገዛለን፣ የተገዛው ደግሞ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ይዞራል። አንዱ ከአሜሪካ በመጣች ልጅ ሻንጣ ውስጥ ደርሶናል፣ አንዱ ከአስመራ በመጣ የቤት ዕቃ መሃል ተገኝቷል፤ አብዛኛው ግን ከቆራሌው ጆንያ የወጣ ነው።

ስምንተኛችን ጋሼ ነበሩ። ዘጌ ተወልደው፣ ባሕር ዳር ፋብሪካ ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ዘጌ የተመለሱ ሰው ናቸው። ከሁላችንም ቀድመው የጀመሩት እሳቸው ነበሩ። የእሳቸው ጠርሙሶች ደግሞ እንደኛ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አቧራ አይጠጡም፤ ባለቤታቸው በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የጓሯቸውን ቡና ያኖሩበታል። አንዱን ከፍታችሁ ብታሸቱት እስከ ዛሬ ያስነጥሳል።

መጀመሪያ የገዙት ጠርሙስ ላይ ከብርጭቆው ጎልቶ የወጣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፦ «የሜሰን ፓተንት፣ ኖቬምበር 30፣ 1858»። ጋሼ ጠርሙሱ ራሱ የዚያን ጊዜ መስሏቸው ሻጩ የጠራውን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ቀኑ ጆን ላንዲስ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ክዳን ለሚጠመዘዝበት ባለ ጥርስ የጠርሙስ አንገት የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው፤ ፋብሪካዎች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያንኑ ቀን በጠርሙስ ላይ ሲያትሙ ኖረዋል። ዕድሜውን የሚናገረው ጽሑፉ ሳይሆን አፉ ነው። ከንፈሩን በጣት ስትዳስሱት ሻካራ ከሆነ፣ በሰው ትንፋሽ ተነፍቶ አፉ ተሞርዷል ማለት ነው። ለስላሳ ሆኖ የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር እስከ ከንፈሩ ከወጣ ደግሞ የማሽን ሥራ ነው። የጋሼ ለስላሳ ነበር። ስንነግራቸው ሳቁና «የልደት ወረቀቱ መስሎኝ፣ ለካ የአያቱ ነው!» አሉ። ኖቬምበር 30 አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ጽዮን ላይ ስለሚውል፣ በየዓመቱ ያን ዕለት ያንኑ ጠርሙስ ጠላ ሞልተው ያዞሩልን ነበር።

ከጋሼ ጋር አንድ ጠብ ነበረን፤ ጠበኛዋ በተለይ እኔ ነበርኩ። የእነዚህ ጠርሙሶች ጥበብ ያለው ክዳኑና አፉ በሚገናኙበት ላይ ነው። ምግቡ ጠርሙሱ ውስጥ ሲቀቀል አየሩ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሳብና በመሃል ያለው የላስቲክ ቀለበት ይዘጋዋል። ያ ላስቲክ ታዲያ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጋሼ መቀሳቸውን ያነሡና ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ በቀለበት ይቆርጣሉ። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት አገር ስለሆነ ላስቲክ አይቸግርም። እኔ «ጋሼ፣ ቅርስ እያበላሹ ነው! የመቶ ዓመት ጠርሙስ ላይ የብስክሌት ጎማ?» እላለሁ። እሳቸው «ክዳን ካልዘጋ ምኑን ክዳን ሆነ» ይሉና መቁረጣቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ በዚህ ነገር ለሁለት ስብሰባ ያህል ሳንነጋገር ቀርተናል።

ጋሼ በጥቅምት አረፉ። በግንቦት ቤተሰባቸው ጠርተው «እንዳይበተን ብለዋል፣ ኑና ውሰዱ» አሉን። ሄድን። 63 ጠርሙስ በአምስት ካርቶን፣ ካርቶኑን በጭድ ሞልተን አሰርን።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ካፒቴኑ ጠዋት «ከቀትር በኋላ ጣና አይታመንም፣ በጊዜ እንውጣ» ብሎን ነበር። የጋሼ ባለቤት ቡና አፈሉ። የዘጌን ቡና እዚያው ዘጌ ተቀምጦ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሣት ይቻላል? ቶናውን ጠጣን። ሌሎቹ ተነሡ፤ እኔ «በረካ ሳንጠጣማ ነውር ነው» ብዬ አስቀመጥኳቸው። በዚያች በረካ የመጣ ነው ሁሉም።

ነፋሱ ያገኘን ከክብራን ገብርኤል ደሴት ብዙ ሳንርቅ ነው። ማዕበሉ መጀመሪያ ጀልባዋን አናወጣት፤ ኋላ በጎን እየዘለለ መግባት ጀመረ። ረዳቱ በጀሪካን ቁራጭ ይቀዳል፣ ውሃው ግን ከእሱ ይፈጥናል። ካርቶኖቹ ረጠቡ፣ ተንሸራተቱ፣ ውስጣቸው ሲንኳኳ ይሰማኛል። መዋኘት አልችልም። ጀልባዋ ወደ ደሴቱ ስትዞር ደግሞ ክብራን ሴት እንደማይገባበት ትዝ ብሎኝ «እኔ የት ልወርድ ነው?» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ሁሉ መሃል ረዳቱ ቀና አለና «እንጦስ አለልሽ፣ እታለም፤ እሷ የሴቶች ናት» አለኝ። እስካሁን እየሳቅሁ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን አለቀስኩ።

ካፒቴኑ «ካርቶኑን ጣሉ!» አለ። ሦስቱን፣ 40 ጠርሙስ ማለት ነው፣ ወደ ውሃው ወረወሩት። ከሦስቱ አንዱን አቅፌ አልለቅም ብዬ ነበር። ካፒቴኑ ከእጄ ወሰደና «እታለም፣ ጠርሙስ ይገዛል» ብሎ ጣለው። ወንድሜ ካፒቴን፣ ያን ጊዜ የተናገርኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ። ያን ባታደርግ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። ሒሳብ ስንከፍልህ ግማሹን መልሰህ እጃችን ላይ አስቀመጥክ፤ እሱም አልተረሳም።

ካርቶኖቹ ውሃው ላይ ተፈቱ። ከዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጭዱ ተበተነ፣ ጠርሙሶቹ ብቅ ብቅ አሉ፣ ከዚያም ተንሳፈፉ። ጣና ሰማያዊ የሚሆነው ፖስትካርድ ላይ ነው፤ በሰኔ ጎርፉ ሲገባበት መልኩ እንደ ጠላ ነው። በዚያ ጠላ ላይ የጋሼ ጠርሙሶች፣ አሜሪካ ውስጥ አምስት የቦል ወንድማማቾች ሲያመርቱት የነበረው ያ ውሃ ሰማያዊ ብርጭቆ፣ እየተገለባበጡ ወደ ደንገሉ ይሄዳሉ። ክዳናቸው ውሃ አላስገባም። ላስቲኩ የብስክሌት ላስቲክ ነበር።

ጋሼ፣ ነፍስዎን ይማር። ተሸንፌያለሁ።

ከደንገሉ ውስጥ በታንኳ የወጣችሁት ሦስት ወንድሞቻችን፣ ማን ጠራችሁ? ማንም አልጠራችሁም። እኛ እንጦስ ዳርቻ ላይ ስንንቀጠቀጥ እናንተ በዚያ ማዕበል በደንገል ታንኳ እየዞራችሁ ጠርሙስ ስትለቅሙ ነበር። አንዱን በእጃችሁ፣ አንዱን በመቅዘፊያ እየሳባችሁ፣ ሌላውን በመረብ። ታንኳችሁ ጠባብ ስለሆነች የለቀማችሁትን በጉልበታችሁ መሃል አቅፋችሁ መጣችሁ። ትልቁ አባት ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ሣሩ ላይ ካስቀመጡ በኋላ «የማን መድኃኒት ነው?» ብለው ጠየቁን። ባዶ መሆኑን ስንነግራቸው ዝም ብለው አዩን፤ ከዚያ ተመልሰው የቀረውን ሊያመጡ ሄዱ። ከ40ው 37ቱን አመጣችሁልን። ክዳን ያልነበራቸው ሦስቱ ብቻ ሰጥመዋል።

እንጦስ ላይ ያገኛችሁን እማሆይ፣ እሳት አንድዳችሁ ደረቅ ጋቢ ደርባችሁልናል። ጠርሙሱን የጠቀለላችሁበትን ነጠላ አጥበን መልሰናል፤ አንዱ ላይ የቀረውን የበርበሬ እድፍ ግን ሳሙናም አላስለቀቀው፤ ይቅርታ።

ጀልባው ውስጥ ከቀሩት 23 ጠርሙሶች 8ቱ ተሰብረው ነበር። ስባሪውን በባዶ እጄ ስለቅም መዳፌ ተቆረጠ። ማታውኑ የሰፋችልኝ ነርስ አራት ስፌት እየሰፋች «ምን ስትሠሪ ነው?» አለችኝ። ነገሩን ስነግራት መርፌዋን አቁማ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን «አያቴም የሽቶ ብልቃጥ ትሰበስብ ነበር» አለች። እህቴ፣ ቅዳሜ ነይ፤ ብልቃጦቹን ይዘሽ።

ወደቡ ላይ በጨለማ የጠበቀንና እርጥብ ካርቶን ጭኖ ሁለት ጊዜ የተመላለሰው የባጃጅ ሾፌርም ሒሳብ አልተቀበለንም፤ «መቀመጫው ይደርቃል» ብሎ ሄደ። ማስቀመጫ እንሰጣችኋለን ብሎ በዚያ ሌሊት በር የዘጋብንን ሰው ስሙን አናነሣም። ጠርሙሶቹ ያደሩት ጎረቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ልጆቿ መሬት ተኝተው፣ በእነሱ አልጋ ላይ ነው። እመቤት ታክብርሽ።

አንድ የማሳፍር ነገር ይቀረኛል። ጣናና ማዕበሉ ያልሰበሩትን እኔ ሰበርኩ። በማግስቱ ጭቃውን ላጥብ ብዬ ከጀበና የተረፈ ፍል ውሃ በቀዝቃዛው ጠርሙስ ላይ ለቀቅሁበት። «ጧ» አለና ታቹ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ወደቀ። ብርጭቆ ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም፤ የነካው ወገን ይለጠጣል፣ ሌላው በነበረበት ይቆማል፣ በመሃል ይሰነጠቃል። ይህን ደግሞ ለሰው ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ 52 የነበረው 51 ሆነ። የጋሼ «የአያቱ የልደት ወረቀት» ግን አለ፤ ዘንድሮም ኅዳር ላይ ጠላ ይዞራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በውሃም በየብስም የረዳችሁን ሁሉ፣ ሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ሾላዋ ሥር ኑልን። ቡና አለ፣ ዳቦ አለ። ከ51ዱ እያንዳንዳችሁ የወደዳችሁትን አንድ አንድ ትመርጣላችሁ፤ ሰባታችንም ተስማምተናል፣ የጋሼ ባለቤትም «እሱም ይህን ነበር የሚያደርገው» ብለዋል። መረባችሁ ውስጥ ሰማያዊ ጠርሙስ ቢገባ ደግሞ ከሰጠሙት ሦስቱ አንዱ ነውና የእናንተው ይሁን። በፍል ውሃ ብቻ አትጠቡት።

ታንኳ ይዘው የመጡት ትልቁ አባት መጠበቅ አልሆነላቸውም፤ ባለፈው ሳምንት ገበያ ሲመጡ በሾላዋ በኩል አለፉ። የፈለጉትን እንዲመርጡ ሁሉንም አወጣንላቸው። ሽቦ ያለውን፣ ባለ ብርጭቆ ክዳኑን አነሡ፤ ለማር ይሆነኛል አሉ። ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ገልብጠው አዩት። ክዳኑ ሥር ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱና ወደ እኔ ዞር ብለው፦

«ላስቲኩ አብሮት ነው?» አሉኝ።