የሳይንስና ኢነርጂ ክበብ፦ አንድ ምጣድ ስንት ባትሪ ይፈልጋል?

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. አርብ አርብ ሲሰበሰብ ቆይቷል፤ ቃለ ጉባኤዎቹ ቢሮ ስላሉ አልዘረዝራቸውም። የዓመቱ ጥያቄያችን «ዓለም በታዳሽ ኃይል ብቻ መኖር ይችላል ወይ?» የሚል ነበር።

ለሙከራ ላቦራቶሪው ጣሪያ ላይ ባለ 50 ዋት ሶላር ሰቅለን ከቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን መሙላትና ማውጣት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ)፣ ከባለ 12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ባትሪና ከሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ጋር አገናኘነው። ኮንትሮለሩ ላይ ቀድሞ መግባት ያለበት ባትሪው ነው፤ ቀጥሎ ሶላሩ፣ መጨረሻ አምፖሉ። እኛ ሶላሩን አስቀደምን። ጭነት የሌለበት ሶላር 21 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ ኮንትሮለሩ የ24 ቮልት መስመር መሰለው፤ ደህናውን ባትሪ «ባዶ ነው» ብሎ አምፖሎቹን ዘጋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አምፖል ስንቀያይር ከረምን።

የካቲት ላይ አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫን ጎበኘን፤ 102 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 153። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦች ውኃ በማያገኙበት ወቅት ነው። ነፋስ ሲያመነጭ ግድቡ ውኃውን ይቆጥባል፤ የአገራችን ትልቁ ባትሪ ግድብ ነው ማለት ይቻላል።

ስንመለስ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አውቶቡስ ውስጥ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ታሰላ ነበር። የባትሪያችን 12 ቮልት በ20 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 240 ዋት ሰዓት፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር የሚሠራው 120 ብቻ። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት 3,500 ይበላል። «ቲቸር፣ 30 ባትሪ! እንጀራ ያለ ግድብ አይጋገርም ማለት ነው?» እናቷ እንጀራ ጋግረው እንደሚሸጡ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ጭንቁ ማመንጨቱ ላይ ሳይሆን ማስቀመጡ ላይ መሆኑን ከመጽሐፉ ይልቅ ያ መዳፍ አስረዳኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. ከዓለም ኤሌክትሪክ 30 በመቶ ያህሉ ታዳሽ ነበር፤ ግን ኤሌክትሪክ ራሱ ከምንጠቀመው ኃይል አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። የኛም መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ይመጣል፤ ከአምፖሉ ሥር ግን ከሰል ይቀጣጠላል።

ባትሪያችን ጣሪያው ሲጠገን አንድ ወር ባዶውን ተቀምጦ ሰልፌት (ሳህኖቹን የሚሸፍን ጠጣር ጨው) ስለያዘው አሁን ሩብ ሰዓት አያበራም። የስፖርት ክበብ ማሊያ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ደስ ይለናል። እኛ የምንለምነው አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪና ፊውዙ ያልተቃጠለ ቴስተር ነው። የደከመ የመኪና ባትሪ ያላችሁ ወላጆችም አምጡልን፣ የሚለካ አናጣበትም።