ቅሉ ለምን ቅቤ አይሰጥም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወላጅ ልጁን የት ይውሰድ? ላሙን፣ ፍየሉን፣ የጓሮ አትክልቱንና የአያቶችን የቤት ዕቃ አንድ ላይ የሚያሳዩ ትንንሽ ግቢዎች ለዚህ ደህና መልስ ናቸው። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም «አትንኩ» ቢል ያምርበታል፤ ቅርስ መጠበቅ ሥራው ነው። የእርሻ ግቢ ግን ልጅ እጁን ካላስገባበት ምኑን ተማረ?

ችግሩ፣ ይነካል የሚባለውም ብዙ ጊዜ ለፎቶ መሆኑ ነው። እርጎ የሚናጥበት ቅል ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይሰጥና ከፍሪጅ የወጣ ቅቤ በሳህን ይቀርባል። የአምስት ዓመት ልጅም ቢሆን ያ ቅቤ ከቅሉ እንዳልወጣ ያውቃል። አስጎብኚዎቹ ይህን የሚያደርጉት ቅሉ እምቢ ስለሚላቸው ነው፤ እምቢ የሚለውም በምክንያት ነው።

መጀመሪያ ወተቱ ይታይ። ከሱቅ የተገዛው የታሸገ ወተት ሆሞጂናይዝ የተደረገ ከሆነ ቅባቱ በማሽን ደቅቆ ተበትኗልና ቀኑን ሙሉ ቢናጥ አይሰበሰብም። ከላም የታለበ ያስፈልጋል። ልጆች ስለሚቀምሱት ግን ጥሬውን አይሆንም፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በዚያው ይተላለፋሉ። 3 ሊትር ወተት አፍልቶ፣ ለብ ሲል አንድ የቡና ሲኒ ጥሩ እርጎ ጨምሮ ከድኖ ማስቀመጥ ነው። በሐምሌ ብርድ ደህና አድርጎ እስኪረጋ ሦስት አራት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ለቅዳሜ የሚናጠው ማክሰኞ ይዘጋጅ።

ሌላው ስህተት ቅሉን መሙላት ነው። 3 ሊትር እርጎ 6 ሊትር የሚይዝ ቅል ይፈልጋል። ከግማሽ ካለፈ እርጎው የሚላጋበት ቦታ ስለሚያጣ ይወዛወዛል እንጂ አይናጥም። ውስጡ የሚጠራቀመው አየር ክዳኑን እንዳያፈናጥረው በየመሃሉ ከፈት እያደረጉ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት ይህችን «ፍስስ» ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉም የሚብሰው የሙቀቱ ነገር ነው። እርጎው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ደህና ይናጣል። የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ከዚያ በታች ስለሚሆን ቅባቱ ጠጥሮ አልያያዝ ይላል። ታዲያ ቅሉን እሳት ዳር ማስጠጋት አይገባም፤ ቅባቱ ይቀልጥና አሬራው ውስጥ ይቀራል። ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሳፋ ሩብ ሰዓት ማቆየት ይበቃል።

ከዚያ ቅሉ ማቶት (ክብ ማስቀመጫ) ላይ ይቀመጥ፤ ሁለት ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ሆነው በየአምስት ደቂቃው ይቀያየሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። መጀመሪያ ድፍን ብሎ የሚሰማው ድምፅ ቀጠን ሲል ሰበዝ አስገብቶ ማውጣት ነው፤ ሰበዙ ላይ ጥቃቅን ፍሬ ከተለጠፈ ቅቤው መጥቷል። ፍሬው ስንዴ ሲያክል አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይሰበስበዋል። ከ3 ሊትር የሚገኘው ከ100 እስከ 150 ግራም ያህል ነውና ብዙ ቃል አትግቡ። ቅቤው ውሃው እስኪጠራ በቀዝቃዛ ውሃ ይታሽ፤ አሬራ የቀረበት ቅቤ ቶሎ ይበላሻል። አሬራውም አይደፋ፤ በለስላሳ እሳት 50 ዲግሪ ሳያልፍ ሲሞቅ አይቡ ካጓቱ ሲለይ ልጆቹ ዓይናቸው እያየ ነው። እሳቱ ከበረታ አይቡ ደርቆ ይጠጥራል።

በግቢው ባለው የድንጋይ ወፍጮ ላይ ደግሞ ጤፍ ከማፍሰስ የተቆላ ገብስ ይሻላል፤ ቶሎ ስለሚሰበር ልጅ አንድ እፍኝ ፈጭቶ በሶውን በውሃና በማር ለውሶ መብላት ይችላል። ድንጋዩ በቅርቡ የተወቀረ ከሆነ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ ስለሚኖረው ይጣል። ጥጥ ሲዳመጥም የሚሰጠው በሁለት ጣት የሚያዝ ያህል ብቻ ይሁን፤ ከበዛ ፍሬው መዳመጫው ሥር ይጨፈለቅና ዘይቱ ጥጡን ያቆሽሻል።

በሶውም አይቡም የሚቀመሰው ግን ፍየል የዳሰሰው እጅ ከታጠበ በኋላ ነው። ጭቃና ፋንድያ የነካውን እጅ አልኮል አያጸዳውም፤ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ያስፈልጋል። ቧንቧው ከበረቱ መውጫ ላይ፣ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ ይተከል። ጓሮ ዞሮ የሚፈልገው ወላጅ የለም።

በመጨረሻ አንድ ልመና፦ እነዚህ ግቢዎች በር ላይ የመግቢያ ዋጋውን እንደሚጽፉት ሁሉ መናጡ የሚጀመርበትንም ሰዓት ይጻፉ፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል» የሚል ካለ ወላጁ ቁርሱን አብልቶ በጊዜ ይደርሳል።

ከአንባቢዎቻችሁ፣ አዲስ አበባ