የተረኝነት ክፍያ ቀን ይቆረጥለት

በሐኪሞችና በጤና ቢሮ መካከል ስላለው የደመወዝ ድርድር ያወጣችሁት ጽሑፍ መጠኑን ብቻ አንሥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ኑሮ ስለተወደደ የመጠኑ ጥያቄ ተገቢ ነው። የባሰው ግን የተሠራበት የተረኝነት ክፍያ፣ ማለትም ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ተረኛ ሆኖ ለተሠራ ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ፣ መዘግየቱ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ሐኪም የሆነችው እኅቴ ሌሊቱን ስታዋልድ አድራ፣ ጠዋት የባጃጅ ሒሳብ ከእኔ ትበደራለች። «በጀት አልተለቀቀም» የሚለውን መልስ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ሐኪሙ ተማርሮ ሲለቅ ደግሞ የምትጎዳው ጣና ሐይቅ ላይ ካለው ደቅ ደሴት በጀልባ የምትመጣው ነፍሰ ጡር ናት።

ስለዚህ የተረኝነት ክፍያ ከሐምሌ ጀምሮ ራሱን የቻለ በጀት ይያዝለት፤ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት የመክፈያ ቀንም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በየሆስፒታሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር