ቡራኖ ወይስ ፔሌስትሪና?
ሰላም ጓደኞች፣ የእረፍት ጉዟችን ወዴት እንደሚሆን እንወስን። ሁለቱም ጣሊያን ውስጥ ቬኒስ አጠገብ ያሉ የዓሣ አጥማጆች ደሴቶች ናቸው። ቡራኖን በፎቶ ታውቁታላችሁ፤ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ቤቶች፣ በእጅ የሚሠራ ዳንቴል። ግን ቀን ቀን ቱሪስት ይሞላዋል፣ መላወሻ የለም።

የእኔ ልብ ፔሌስትሪና ጋ ነው። 11 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን መሬት ሲሆን በአንድ በኩል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ሙራዚ የሚባለው የድንጋይ ግንብ ባሕሩን ይገታል፣ በሌላው በኩል ደግሞ የአጥማጆቹ ጀልባዎች ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ታስረው ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1966ቱ ጎርፍ ባሕሩ ግንቡን ጥሶ ነዋሪው ደሴቱን ለቆ መውጣት ነበረበት፤ ይህን ሳስብ ቦታውን ይበልጥ እወደዋለሁ። ሊዶ ከሚባለው አጎራባች ደሴት የሚነሳው 11 ቁጥር አውቶቡስ ከነተሳፋሪው በጀልባ ይሻገራል፣ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።

ቡራኖን ግማሽ ቀን እንየው፤ ማደሪያችን ግን ፔሌስትሪና ይሁን። ያልተስማማችሁ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።